እንግዳ ሙአዚን፦ ስለ አዛንና ስለ መንገደኛ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። የዚህ ዓምድ የቆየሁ ተከታታይ ነኝ። አላህ መልካም ድምፅ ስለሰጠኝ በሰፈራችን መስጂድ አልፎ አልፎ አዛን አደርጋለሁ። አሁን ከሥራ ረዘም ያለ ፈቃድ ወስጄ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወርኩ፣ በምደርስበት መስጂድ ሁሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ አዛን ለማድረግና በስልኬ የቀረጽሁትን ለሌሎች ለማካፈል ኒያ (ቁርጥ ሐሳብ) አድርጌአለሁ። ሐሳቤን የነገርኩት ወዳጄ ግን ከሦስቱ መስጂዶች በቀር ጓዝ ጭኖ ወደ መስጂድ መጓዝ እንደማይፈቀድ ነገረኝ። ሌላው ደግሞ እንግዳ በሰው መስጂድ አዛን ማድረግ የለበትም ይለኛል። ጉዞውን ልተወው?

መልስ፦ ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ወዳጅዎ የጠቀሱት ሐዲስ (የነቢዩ ንግግር) የሐዲስ ሰብሳቢዎቹ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ስለሆነ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ሐዲሱ በመካ ወዳለው መስጂደል ሐራም፣ በመዲና ወዳለው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጂድና በኢየሩሳሌም ወዳለው መስጂደል አቅሳ ካልሆነ በቀር ጓዝ ተጭኖ እንዳይኬድ ያዛል። ብዙዎቹ ዑለማዎች እንዳብራሩት ክልከላው የሚመለከተው አንድን መስጂድ ለይቶ «በዚያ የሚሰገድ ሰላት የተለየ ብልጫ አለው» በሚል እምነት የሚጓዘውን ሰው ነው፤ ምክንያቱም በመስጂደል ሐራም የሚሰገድ ሰላት ሌላ ቦታ ከሚሰገደው 100,000፣ በነቢዩ መስጂድ የሚሰገደው ደግሞ 1,000 እጥፍ እንደሚበልጥ በሐዲስ ሲነገር፣ ከሦስቱ ውጭ ላሉት ግን ሰው ጓዙን ጭኖ የሚሄድላቸው እንዲህ ያለ ብልጫ አልተነገረላቸውም። ዕውቀት ለመፈለግ፣ ለንግድ፣ ዘመድ ለመጠየቅ ወይም ወንድሞችን ለመዘየር የሚደረግ ጉዞ ከዚህ ክልከላ ውጭ ነው። ስለዚህ የሚጓዙት ምእመናኑን ለመተዋወቅና ከእነርሱ ጋር ለመስገድ ከሆነ ሐዲሱ አያግድዎትም።

ሁለተኛው ወዳጅዎ የተናገሩት ግማሹ ትክክል ነው። እንግዳ አዛን እንዳያደርግ የሚከለክል ነገር የለም፤ ያለ ፈቃድ ማድረጉ ግን አይገባም። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ሰው በሌላው ሥልጣን ሥር ባለ ቦታ እንዳያሰግድ፣ በቤቱም ያለ ፈቃዱ በክብር መቀመጫው ላይ እንዳይቀመጥ ተነግሯል። የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) ሊቃውንት ይህን አደብ ለመስጂዱ የተመደበውን ሙአዚን (አዛን አድራጊ) ሳያስፈቅዱ ቀድመው አዛን በሚያደርጉ ሰዎች ላይም ያውሉታል። ነገሩ የማዕረግ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልዎት። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ኢማም ዋስ፣ ሙአዚን ደግሞ አማና (አደራ) የተጣለበት መሆኑ ተገልጿል፤ የአማናው ዋና ክፍልም ወቅት ነው። በቤቱ የተኛ ሕመምተኛ፣ ጾሙን የሚፈታ ሰው፣ ልጆቿን ለሰላት የምትቀሰቅስ እናት ሁሉም ሰዓት ሳያዩ በዚያ ድምፅ ይተማመናሉ። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ዐይነ ስውሩ ሶሓባ (የነቢዩ ባልደረባ) ኢብን ኡሙ መክቱም «ነግቷል፣ ነግቷል» እስኪባሉ ድረስ የሱብሒን (የንጋቱን ሰላት) አዛን አያደርጉም ነበር። እርስዎም የአካባቢውን የሰላት ሰዓት ከሚያውቀው ሰው አፍ ሳይሰሙ አይጀምሩ፤ ስልክዎ ላይ ያለው ሰዓት ያለፉበትን ከተማ አቆጣጠር እያሳየ ሊሆን ይችላል፤ የመስጂዱ ሰዎችም ለእያንዳንዱ ሰላት በጉባኤ የተስማሙበት ሰዓት አላቸው።

ስለ ድምፅዎ ደግሞ የአዛንን አጀማመር ማስታወስ ይጠቅማል። ሙስሊሞች ወደ መዲና ከተሰደዱ በኋላ ሰውን ለሰላት በምን እንጥራ በሚለው ሲመካከሩ ደወልም መለከትም ተነሥቶ ነበር። ሶሓባው ዐብዱላህ ኢብን ዘይድ የአዛኑን ቃላት በሕልም ሰምተው ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በነገሩ ጊዜ፣ ቃላቱን ለቢላል እንዲያስተምሩ ታዘዙ፤ የተሰጣቸውም ምክንያት የሐበሻው ቢላል ድምፅ ከእርሳቸው ድምፅ የሚልቅ መሆኑ ነው። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ አዛኑን ሰምተው ልብሳቸውን እየጎተቱ መጥተው እርሳቸውም ተመሳሳዩን ማየታቸውን ተናግረዋል። እንግዲህ መልካም ድምፅ ዋጋ እንዳለው ከዚህ መረዳት ይቻላል። ይሁንና ሕልሙን ያዩት ሰው እንኳ «የእኔ ነው» ሳይሉ ለሌላ አሳልፈው ሰጥተዋል፤ መልካም ድምፅ ያለው መንገደኛም በደረሰበት መስጂድ ከእርሱ የተሻለ ድምፅ ያለው ሙአዚን ቢያገኝ ቁጭ ብሎ ማዳመጥ አይክበደው። እንዲያውም ከጉዞው የሚተርፍልዎ ትልቁ ነገር ይኸው ማዳመጡ ይመስለኛል።

አሁን ወደ አፈጻጸሙ እንሂድ። ከሰዓቱ አስቀድመው ይድረሱ፤ ውዱእ (ለሰላት መታጠብ) አድርገው የመስጂዱን ሁለት ረከዓ (የሰላት ዙር) ይስገዱ፤ ከዚያም ሙአዚኑን ለብቻው ቀርበው ያነጋግሩት። ጀመዓው (ሰጋጁ ሕዝብ) እያየ ስልክ ደቅኖ መጠየቅ ሰውየውን እምቢ ማለት በማይችልበት ሁኔታ ውስጥ ያስገባዋል፤ በይሉኝታ የተገኘ ፈቃድ ደግሞ ፈቃድ አይባልም። ከተፈቀደልዎ በዚያ መስጂድ አዛን እንዴት እንደሚባል ይጠይቁ። በሐነፊና በሐንበሊ መዝሀብ (የፊቅህ ትምህርት ቤት) የአዛኑ ሐረጎች 15 ናቸው፤ በማሊኪ የመጀመሪያው ተክቢራ («አላሁ አክበር» ማለት) ሁለት ጊዜ ብቻ ሲሆን ሁለቱ ምስክርነቶች (ስለ አላህ አንድነትና ስለ ነቢዩ መልእክተኝነት) በዝቅተኛ ድምፅ ከተባሉ በኋላ ከፍ ተደርገው ስለሚደገሙ 17 ይሆናሉ፤ በሻፊዒይ ተክቢራው አራት ጊዜ ሆኖ ድግግሞሹም ስላለ 19 ይደርሳሉ። ለሱብሒ በየመዝሀቡ ሁለት ሐረግ ይጨመራል። ኢቃማም (ሰላት ሊጀመር ሲል የሚባለው ጥሪ) እንዲሁ ይለያያል፤ በሻፊዒይና በሐንበሊ 11፣ በሐነፊ 17 ነው። እነዚህ ሁሉ መሠረት ያላቸው ስለሆኑ የለመዱትን በሰው መስጂድ ላይ መጫን አያስፈልግም። ድግግሞሹን የለመደ ጀመዓ ያለ ድግግሞሽ ቢሰማ አዛኑ የተጓደለ ይመስለዋል፤ ያላወቀው ደግሞ ሙአዚኑ የተሳሳተ መስሎት ከሰፍ (ከሰጋጆች ረድፍ) ውስጥ ድምፁን ያሰማል።

ስለ ዜማ ጥቂት ልበል። በቱርክ የሙአዚኖች ልማድ የንጋቱ አዛን በሳባ፣ የምሽቱ በሴጋህ የዜማ ስልት መባሉ የታወቀ ነው፤ ውበቱንም የሚክድ የለም። ቢሆንም ዜማው ቃሉን እንዳያበላሽ ጥንቃቄ ያሻል። የ«አላሁ አክበር» መነሻ ቢሳብ ምስክርነቱ ወደ ጥያቄ ስለሚለወጥ ሊቃውንቱ ከከባድ ስሕተት ይቆጥሩታል። ኸሊፋው ዑመር ኢብን ዐብዱልዐዚዝ አዛኑን ለሚያዜም ሰው «ቀለል ያለ አዛን አድርግ፤ አለዚያ ተወን» ማለታቸውን ቡኻሪ አስፍረውታል። ከድምፅ ማጉያ ጋርም አንድ ነገር አለ፦ «ሐይየ ዐለስ ሰላህ» (ወደ ሰላት ኑ) እና «ሐይየ ዐለል ፈላሕ» (ወደ ስኬት ኑ) ሲባል ፊትን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ማዞር ከቢላል የተወሰደ ሱና ነው፤ በቆመ ማይክራፎን ፊት ግን አንገት ሲዞር ድምፁ ድንገት ይሰወርና የጥሪው ዋና ቃል ሳይሰማ ያልፋል። ስለዚህ ማይክራፎኑ ፊት ከመቆምዎ በፊት ምን ያህል ርቀት ላይ ሆነው ቢዞሩ ድምፅዎ እንደሚያዝ ሙአዚኑን ይጠይቁት፤ እርሱ መሣሪያውን ያውቀዋል።

በዕቅድዎ ላይ ያለኝ ትልቁ ስጋት ከቁጥሩ ጋር የተያያዘ ነው። «በደረስኩበት መስጂድ ሁሉ» የሚለው ሐሳብ ሲያሯሩጥዎ ይውላልና ይጠንቀቁ። አንድ ሰው ለአንድ ሰላት በሁለት መስጂድ አዛን ማድረጉን የሐነፊ ሊቃውንት ይጠሉታል፤ አዛን ከተባለ በኋላ ያለ በቂ ምክንያት ከመስጂድ የወጣን ሰው ሶሓባው አቡ ሁረይራ አይተው «ይህ ሰው በአቡል ቃሲም (በነቢዩ) ላይ አምጿል» ማለታቸውን ሙስሊም ዘግበዋል። ሰዎችን «ወደ ሰላት ኑ» ብሎ ጠርቶ ራሱ ወደ መኪናው የሚሮጥ ሙአዚን ምን እንደሚባል ለእርስዎ እተወዋለሁ። አዛን ባደረጉበት መስጂድ ይስገዱ፤ ኢቃማውን ደግሞ ሙአዚኑ ራሱ ሊያደርግ ቢፈልግ አይከራከሩ። መንገደኛ ስለሆኑ አራት ረከዓውን ማሳጠር ቢፈቀድልዎም የአገሩን ኢማም ተከትለው ሲሰግዱ አራቱን ይሞላሉ። ኢማም እንዲሆኑ ቢለመኑና ሁለት ረከዓ ቢያሰግዱ፣ ዑመር ኢብኑል ኸጣብ በመካ እንዳደረጉት «ሰላታችሁን ሙሉ፤ እኛ መንገደኞች ነን» ብለው ያሳውቁ።

ቀረጻውን ማካፈል የተፈቀደ ነው፤ የሰጋጆችን ፊት ግን ሳያስፈቅዱ አያሳዩ። የተቀረጸ አዛን በመስጂድ ውስጥ በሰው አዛን ፋንታ ማሰማት እንደማይበቃ የሙስሊም ዓለም ሊግ የፊቅህ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1986 በመካ ወስኗልና፣ ድምፅዎን የወደዱ ሰዎች ቀረጻውን በሚናራቸው ላይ እናሰማው ቢሉዎ ይህን ይንገሯቸው።

ጥያቄ፦ በአንድ መስጂድ በሙአዚንነት አገለግላለሁ። እንግዶች ሰዓት ሲደርስ ስልክ ይዘው እየመጡ አዛን ካላደረግን ይላሉ። እምቢ ስል ጀመዓው ክፉ ሰው አድርጎ ያየኛል። ባለፈው ለአንዱ ፈቅጄለት በመግሪብ (በምሽቱ ሰላት) አዛን ላይ «ሐይየ ዐለል ፈላሕ»ን ዘልሎ «አላሁ አክበር» አለ። ደንግጬ ዝም አልኩ። ምን ማድረግ ነበረብኝ?

መልስ፦ በአዛን ላይ መሽቀዳደም አዲስ ነገር አይደለም። ሰዎች በአዛንና በፊተኛው ሰፍ ያለውን ምንዳ ቢያውቁ ዕጣ እስከ መጣጣል እንደሚደርሱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ተናግረዋል፤ ከፋርሶች ጋር በተደረገው የቃዲሲያ ዘመቻም ሰዎች አዛን ለማድረግ ሲከራከሩ የጦሩ መሪ ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ ዕጣ አጣጥለዋቸዋል። ይህ ግን የተመደበ ሙአዚን በሌለበት ነው። እርስዎ ኃላፊነቱ የተሰጠዎ ስለሆኑ እምቢ ማለት መብትዎ ነው፤ በተለይ በረመዷን የመግሪብንና የንጋትን አዛን ለማያውቁት ሰው እንዳይሰጡ እመክራለሁ። መስጠት ሲፈልጉም ዙህርን (የቀትሩን) ወይም ዐስርን (የከሰዓት በኋላውን) ይምረጡለት፣ አስቀድመውም ቃላቱን በዝግታ አንዴ ያስብሉት። በዚያ መግሪብ ማድረግ የነበረብዎ ጠጋ ብሎ በዝቅታ ማስታወስ ነበር፤ ሐረግ የዘለለ ሰው ወደ ዘለለው ተመልሶ ከዚያ ይቀጥላል፤ ረጅም ጊዜ ካለፈ ግን ከመጀመሪያው ይደግማል። የጀመዓው ቅሬታ እንዲቀርልዎት ደንቡን የመስጂዱ ኮሚቴ ወስኖ በር ላይ ቢለጥፈው መልካም ነው፤ ያን ጊዜ እምቢታው የእርስዎ ግላዊ ጠባይ መስሎ አይታይም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የዘጠኝ ዓመት ልጃችንን ይዞ ሲጓዝ በየደረሱበት አዛን ያስደርገዋል። የልጅ አዛን ይቆጠራል? እኔስ በጉዞ ላይ ከሴቶች ጋር ስሰግድ አዛን ይጠበቅብኛል?

መልስ፦ ክፉና ደጉን የለየ ልጅ አዛን በብዙዎቹ ሊቃውንት ዘንድ ተቀባይነት አለው፤ ሰፈሩ ሁሉ ወቅቱን የሚያውቅበት አዛን ግን በአዋቂ ቢባል የተሻለ ነው። አባትና ልጅ መንገድ ዳር ለብቻቸው ሲሰግዱ ከሆነ ልጁ ድምፁን ከፍ ያድርግ። አቡ ሰዒድ አል-ኹድሪ በጎቹንና ገጠሩን ለሚወድ አንድ ሰው፣ በዚያ ሆኖ አዛን ሲያደርግ ድምፁን ከፍ እንዲያደርግ መክረውታል፤ ድምፁን የሰማ ጂንም ሆነ ሰው ሁሉ በቂያማ ቀን ይመሰክርለታልና። የመካው ሙአዚን አቡ መሕዙራም ገና ወጣት ሳሉ ከጓደኞቻቸው ጋር በአዛን ሲቀልዱ ተሰምተው ነው በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የተጠሩትና አዛንን የተማሩት፤ ከእርሳቸውም በኋላ በመካ አዛኑን የወረሱት ልጆቻቸው ናቸው። ሴቶችን በተመለከተ አዛን አይጠበቅባችሁም፤ ሰላታችሁም ያለ አዛን የተሟላ ነው። ዙህርና ዐስርን አጣምረው ሲሰግዱ ደግሞ ባለቤትዎና ልጅዎ አንድ አዛንና ሁለት ኢቃማ ይበቃቸዋል፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በዐረፋ ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ጥያቄ፦ ሙስሊም አይደለሁም። በምጓዝባቸው ከተሞች የአዛንን ድምፅ መቅረጽ እፈልጋለሁ። ሰውን ሳላስቀይም እንዴት ላድርገው?

መልስ፦ ከውጭ ሆኖ ለመቅረጽ የሚከለክልዎ የለም። ወደ ግቢ ሲገቡ ግን ጥበቃውን ወይም ኮሚቴውን ያስፈቅዱ፤ ጫማዎን ያውልቁ፤ በሚሰግድ ሰው ፊት አይለፉ። የሰላት ሰዓት ከፀሐይ ጋር በየቀኑ ስለሚዛወር የትናንቱን ሰዓት ይዘው አይምጡ። ከቻሉ የንጋቱን ይቅረጹ፤ ያን ጊዜ መንገዱ ጭር ያለ ስለሆነ የአንዱ ሚናራ ድምፅ ከሌላው ጋር እየተቀባበለ ይሰማል፤ ሰላት ከእንቅልፍ እንደሚሻል የሚናገረው ሐረግም በዚያ አዛን ላይ ብቻ ነው ያለው። እ.ኤ.አ. በ2010 በካይሮ እንደተጀመረው፣ አንድ ሙአዚን በሬዲዮ ለብዙ መስጂዶች አዛን የሚያደርግበት አሠራር ባለበት ከተማ ከመስጂድ መስጂድ ቢዞሩ የሚያገኙት አንድ ድምፅ ስለሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። ቀረጻውን ሲያካፍሉ የመስጂዱን ስምና የሰላቱን ወቅት አብረው ይጻፉ፤ የሙአዚኑን ስም ግን እርሱ ካልፈቀደ አይጥቀሱ።