የአያቴ ምንሽር ስንት ያወጣል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። አያቴ አርበኛ ነበሩ፤ ካረፉ 30 ዓመት አልፏቸዋል። ምንሽራቸው ዛሬም ቤታችን አለ። አጭር ነው፣ አፈሙዙ ሥር የሚታጠፍ ሳንጃ አለው፣ ፈቃዱም በታላቅ ወንድሜ ስም ነው። ማይጨው ላይ ከጣሊያን የተማረከ ነው ሲባል ሰምተን አደግን። በቀደም ከአሜሪካ የመጣው የእህቴ ልጅ ብረቱን አገላብጦ አየና «1935 ይላል እኮ! ማይጨው በ1928 አይደል? ከጦርነቱ 7 ዓመት በኋላ የተሠራ ጠመንጃ እንዴት እዚያ ይማረካል?» ብሎ ሳቀብን። እናቴ ከዚያን ቀን ወዲህ ፊቷ አልተፈታም። ደግሞም ይኸው ልጅ እዚያ አገር የጦርነት ታሪክ ያለው ጠመንጃ በብዙ ዶላር ይሸጣል ይላል። እውነት ታሪክ ዋጋ ይጨምራል? ወንድሜ ሰደፉን ለአናጢ ሰጥቶ በብርጭቆ ወረቀት አስፍቆ ቫርኒሽ ሊያስቀባው ነው። ይቀባ?
ወ/ሮ ሐ.፣ ኮምቦልቻ

መልስ፦ እህቴ፣ ሌላውን በኋላ ያንብቡት፤ አሁን ተነሥተው ወንድምዎን ያስቁሙልኝ። አናጢው አንዴ ከፋቀው ወዲያ ማንም አይመልሰውም። ሰደፉ ላይ የተመታ ቁጥር፣ አያትዎ የመቱት የናስ ምስማር፣ እጃቸው ያለሰለሰው ቦታ፣ ሁሉም ከእንጨቱ ጋር ተጠርጎ ይወጣል። ጠመንጃ ሰብሳቢዎች በቫርኒሽ የሚያብለጨልጭ አሮጌ ሰደፍ ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። በደረቅ ጨርቅ አቧራውን ያራግፉለት፣ ብረቱን በስሱ ዘይት ይንኩት፣ ይበቃዋል። ከዚያ በፊት ግን ፈቃዱን የያዘው ወንድምዎ ጥይት አለመጉረሱን ይይ። ተሰቅሎ የኖረ መሣሪያ ባዶ ነው እየተባለ ስንት ቤት ሐዘን ገብቷል።

እናትዎንም አብሽሩ በሉልኝ። ልጁ የፈረንጅ ቁጥር አንብቦ በሐበሻ ቁጥር ተከራከረ። ፈረንጅ አገር ኖሮ የፈረንጅን ዘመን መርሳቱ ነው የገረመኝ! ጣሊያን መሣሪያው ላይ የሚመታው የራሱን ዓመት ነው፤ የእነሱ 1935 ደግሞ በእኛ 1927 እና 1928 ላይ ያርፋል። እስቲ ከዓመቱ ጎን አንድ የመስቀለኛ ምልክትና ሦስት ቋሚ ጭረቶች ይፈልጉ። የሮማ 13 ነው። ፋሺስቶቹ ሥልጣን ከያዙበት ከፈረንጅ 1922 ጀምሮ የራሳቸውን ዘመን ይቆጥሩ ነበርና 13ኛው ዓመታቸው ያለቀው በፈረንጅ ጥቅምት 1935 ነው። ወረራው የተጀመረውም በዚያው ወር ነው። ምልክቱ ካለ ጠመንጃው መጋቢት 22 ቀን 1928 ማይጨው ላይ ለመገኘት ዕድሜው ይፈቅድለታል። እርስዎ ምንሽር ያሉት፣ እንደ ገለጻዎ ከሆነ፣ ካርካኖ የሚባለው የጣሊያን ጠመንጃ፣ የፈረሰኛው ዓይነት ነው፤ 6.5 ሚሊ ሜትር ጥይት ይጎርሳል።

ይፈቅድለታል አልኩ እንጂ ነበረ አላልኩም። ለዋጋው ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው።

እኔ 26 ዓመት የመሣሪያ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ሥራዬ ቁጥር መመዝገብ ነበር፤ የእያንዳንዱን ጠመንጃ ገድል የሚነግረኝ ሰው ግን አላጣሁም። የገዛ አጎቴ፣ እዚሁ ደሴ ሆጤ፣ «ያድዋ ምርኮ» የሚሉት ቬተርሊ ነበራቸው። አንድ ቀን ቡና ላይ አቀበሉኝና በርሜሉን አየሁት። ጣሊያኖች አድዋ ላይ የያዙት ቬተርሊ 10.35 ሚሊ ሜትር የሆነ ወፍራም ጥይት የሚተኩስ ነበር። የአጎቴ ግን ጠባብ፣ ለ6.5 የተለወጠ ነው። ያን ለውጥ ጣሊያን ያደረገው በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ከፈረንጅ 1915 ወዲህ ነው። አድዋ ደግሞ የካቲት 23 ቀን 1888፣ በፈረንጅ 1896። ያየሁትን ሳልደብቅ ተናገርኩ። አጎቴ ሁለት ዓመት አላናገሩኝም፤ ዛሬ ቢሆን ሦስተኛው ቡና እስኪጠጣ እታገሥ ነበር።

ወደ ዶላሩ ልመለስ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የውጭ አገር የጨረታ ዝርዝር ማንበብ ሱስ ሆኖብኛል። አዎ፣ የጦርነት ታሪክ ዋጋ ይጨምራል፤ ጭማሪውን የሚያመጣው ግን ወረቀት ወይም ብረቱ ላይ ያለ ምልክት ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያልቅ የአሜሪካ ወታደር የማረከውን ጠመንጃ ይዞ ለመግባት አዛዡ የፈረመበት ወረቀት ይሰጠው ነበር። ያ ወረቀት ከነጠመንጃው ከተገኘ፣ ቁጥሩም ከሰፈረበት፣ ዋጋው ወረቀት ከሌለው መንትያው ይርቃል። የጃፓኑ አሪሳካ ላይ ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ ምልክት የሆነ 16 ቅጠል ያለው አበባ አለ። ጃፓን እጅ ስትሰጥ ከተረከቧቸው ጠመንጃዎች አብዛኞቹ ላይ አበባው ተፍቋል። ስለዚህ አበባው ያልተነካ ጠመንጃ በውጊያ ላይ የተማረከ ሊሆን ይችላል ተብሎ በውድ ይሸጣል። ከአንዲት አበባ መፋቅ ስንት ዶላር እንደሚጎድል ሳይ ነው የእናንተ አናጢ ያስፈራኝ።

የእኛም አሮጌ ጠመንጃዎች ከጥቂት ዓመታት በፊት ከመንግሥት ግምጃ ቤት ወጥተው አሜሪካ ገበያ ላይ ታይተዋል። ብዙዎቹ የተጎዱ ነበሩ፣ ሆኖም የይሁዳ አንበሳ የተመታበት በልጅግ፣ የቤልጂየሙ ጠመንጃ፣ ፈላጊው ብዙ ነው። አንበሳው ራሱ ይመሰክርለታላ! እዚያ አገር ሕግ ከፈረንጅ 1968 ወዲህ የገባ ጠመንጃ የአስመጪው ስም እንዲመታበት ያዛል። ሰብሳቢዎች ያን አዲስ ጽሑፍ አይወዱትም። የእህትዎ ልጅ ያየው ዋጋ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ይጠይቁት።

ለእናንተ ያ ዋጋ አይሠራም። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝም መሸጥም ወንጀል ነው፤ ቅርስም ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ወንድምዎ ፈቃዱን በጊዜው ያሳድሱ። ደላላ ቢመጣ ቡና አጠጥተው ይሸኙት።

አሁን ሳነብ ወደ ከነከነኝ ነገር ልምጣ። እርስዎ የኮምቦልቻ ሰው ነዎት። ሚያዝያ 1933 ጣሊያን ደሴን ለመከላከል የመሸገው እዚያው ኮምቦልቻ መተላለፊያ ላይ ነበር። የደቡብ አፍሪካ ብርጌድና አርበኞች ለቀናት ተዋግተው ሰበሩት፤ ደሴም ሚያዝያ 18 ተያዘች። በሺዎች የሚቆጠር ወታደር ሲማረክ በየገደሉ የቀረው ጠመንጃ በየቤቱ ገባ። በ1928 ከማይጨው ያፈገፈገው ሠራዊት ደግሞ ከአውሮፕላን ቦምብና ከመርዝ ጋዝ ነፍሱን ለማትረፍ የሚሮጥ ነበር፤ ምርኮ ተሸክሞ ወሎ መድረስ ለጥቂቶች የሆነ ነገር ነው። አያትዎ ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱ ሊሆኑ ይችላሉ። ጠመንጃውን ያገኙት ግን ከቤትዎ የግማሽ ቀን መንገድ በማይሞላ ቦታ፣ አምስት ዓመት በዱር ከታገሉ በኋላ ቢሆንስ? እኔ ብሆን ይኼኛውን ነበር የምመኝላቸው። «ማይጨው» የሚለው ስም ትልቅ ስለሆነ ትንንሾቹን ቦታዎች ይውጣቸዋል።

የአርበኝነት ሜዳይ ወይም የምስክር ወረቀት ካለ ከሳጥን ያውጡና ከጠመንጃው ጋር አብራችሁ ፎቶ አንሡት። የበርሜሉንና የሰደፉን ቁጥር ጻፉ፤ ከተመሳሰሉ በርሜሉና ሰደፉ ከመጀመሪያው አብረው የኖሩ ሳይሆኑ አይቀሩም። ከዚያ አያትዎን በአካል የሚያውቅ ሽማግሌ ከተረፈ፣ በቦርከና ማዶም ቢሆን ሄደው በስልክ ይቅረጹት። ብቻ «ማይጨው ነው ያገኙት፣ አይደል?» ብለው አይጀምሩ። ለእንግዳ አዎ ማለት ይቀላልና። ከምንሽሩ በፊት ምን ይዘው ይዋጉ እንደነበር ይጠይቁት።