አጣሪው ወንድሜ የአባታችንን ቤት ብቻውን ሊሸጥ ይችላል?

ባለፈው ሳምንት «ስለ ውርስ ቤት የከበዳችሁን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ባሕር ዳር ውስጥ ለዓመታት የውርስ ጉዳይ ስይዝ ቆይቻለሁ። ጥያቄው ብዙ ስለሆነ በመጣበት እመልሳለሁ።

ከሽምብጥ፦ አባታችን በኑዛዜው ታላቅ ወንድማችንን ውርስ አጣሪ አድርጎታል። እኛ ሦስት እህቶች ነን። ሳይነግረን ገዢ አምጥቶ ቀብድ ተቀበለ። ይችላል?

አይችልም እህቴ። አጣሪ ባለቤት አይደለም። ሥራው ወራሾቹን መለየት፣ ንብረቱን መጠበቅ፣ ዕዳ መክፈልና የቀረውን ማስረከብ ነው። ግቢው ውስጥ ማንጎ ደርሶ እንዳይበሰብስ ቢሸጥ ማንም አይከሰውም። ቤት ግን ሌላ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይ ወራሾች ሁሉ ይስማማሉ፣ ወይ ፍርድ ቤት ይፈቅዳል።

አሁን ሁለት ነገር አድርጉ። ለገዢው «አልተስማማንም» ብላችሁ በጽሑፍ አሳውቁት። ፍርድ ቤት ሄዳችሁም እግድ ጠይቁ። እግዱ ሲወጣ ይዞታውን ወደሚመዘግበው ጽሕፈት ቤት ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። አንድ ደንበኛዬ የእግዱን ደብዳቤ በላስቲክ ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ሳምንት አቆየው። እሱ ደብዳቤውን ሲጠብቅ ስም ዝውውሩ አለቀ።

እሺ ብንስማማስ? አንዷ ብቻ «አልሸጥም» ብትልስ?

ማንም ወራሽ በጋራ እንዲኖር አይገደድም፤ ክፍፍል መጠየቅ ይችላል። ባለ ሦስት ክፍል ቤት ለአራት ሰው አይቆረጥምና አንዱ ወስዶ ለሌሎቹ በገንዘብ ያካክሳል። ይህም ካልሆነ ወደ ሐራጅ ይኬዳል። ሐራጅን አልወደውም። በስምምነት ሲሸጥ ከሚያወጣው ያነሰ ሲያወጣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁና፣ ከዚያ በፊት የምታከብሩትን ሽማግሌ አስቀምጡ።

እናታችን በሕይወት አለች። እሷም ከእኛ ጋር እኩል ትካፈላለች?

እሷማ ቀድማ ነው የምትወስደው። ቤቱ በጋብቻ የተፈራ ከሆነ ግማሹ የራሷ ነው፤ ውርስ አይደለም። ለልጆች የሚከፈለው ቀሪው ግማሽ ነው። ከዚያ ላይ ኑዛዜ ካልሰጣት በቀር ሚስት ወራሽ አይደለችም። ግማሿን ሳትለዩ ቤቱን በልጆች ቁጥር ብቻ የምታካፍሉ ተሳስታችኋል።

ለቅሶ ላይ የማናውቀው የአባታችን ልጅ መጣ።

ልጅነቱ ከተረጋገጠ እኩል ነው። ወንድ፣ ሴት፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ፣ ልዩነት የለውም።

ለቀብርና ለተዝካር ያወጣሁትን ከቤቱ ሽያጭ ላስቀንስ?

የቀብሩን አዎ፤ የሟቹን ኑሮ ያገናዘበ ከሆነ ከሌላው ዕዳ ሁሉ ቀድሞ ይከፈላል። ተዝካሩን ግን የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለይቶ አውጥቶታል። በሬ አርደህ ጠላ አስጠምቀህ ስሙን አስጠርተህ ይሆናል፤ እህቶችህ ፈቅደው ካልተጋሩህ ወጪው የአንተ ነው። ደረሰኝ የምታስቀምጥ ከሆነ የቀብሩን አስቀምጥ።

እህቴ አሜሪካ ናት። ፊርማዋን እንዴት ላግኝ?

በውክልና። ግን «ንብረቴን ያስተዳድርልኝ» የሚል ውክልና ቤት አይሸጥም። «እንዲሸጥ» ብሎ በግልጽ መጻፍ አለበት። እዚያ ካለው ኤምባሲያችን አረጋግጣ ትላክልህ።

ከዘጌ፦ የአባታችንን የቡና መሬት ሸጠን ልንካፈል ነው።

እሱን ተዉት። የገጠር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም። የምትወርሱት የመጠቀም መብቱን ነው። የከተማውም ቢሆን የሚሸጠው ቤቱ ነው፤ መሬቱ ያው ነው።

የመጀመሪያዋ ጠያቂ ነኝ። ገዢው ቀብዱን ቢጠይቀንስ?

ከተቀበለው ይጠይቅ። ቀብድ ተቀብሎ ውሉን ያልፈጸመ ሰው እጥፉን ይመልሳል ይላል ሕጉ። እናንተ ሽያጩን ስላልፈረማችሁ ከእናንተ ድርሻ አይነሳም። ወንድምሽ ይህን ሲሰማ ስልክ ደውሎ ሊያግባባሽ ይሞክር ይሆናል፤ ቡና አፍልተሽ አነጋግሪው፣ ወረቀት ላይ ግን አትፈርሚ።