ከመዝገቡ ጀምሩ

ልጆቼ፣

በቤተ ክርስቲያን የፍትሕና የሰብአዊ መብት ክፍል ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ወደዚህ አገልግሎት ልትገቡ ያሰባችሁ ወጣቶች "ከየት እንጀምር?" ትሉኛላችሁ። ብዙዎቻችሁ የምትጠብቁት ሰልፉንና መግለጫውን ነው። እኔ ግን ከመዝገቡ፣ ማለትም በደልን አጣርቶ ጽፎ ከማስቀመጥ፣ ጀምሩ እላለሁ።

የቺሊን ነገር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1973 ወታደሮች ሥልጣን ሲይዙ፣ ሰው ከቤቱ እየተወሰደ ደብዛው መጥፋት ጀመረ። አብያተ ክርስቲያናት ተባብረው ተበዳዮችን የሚረዳ ኮሚቴ አቋቋሙ። የወታደራዊው አገዛዝ መሪ ፒኖቼ ኮሚቴው እንዲዘጋ አስገደደ። የዋና ከተማዋ የሳንቲያጎ የካቶሊክ ሊቀ ጳጳስ ካርዲናል ራውል ሲልቫ ኤንሪኬዝ ግን በ1976 መጀመሪያ በሀገረ ስብከታቸው ሥር ሌላ ቢሮ ከፈቱ። ጠበቆቹ ስለ ታሰሩትና ስለ ጠፉት በሺዎች የሚቆጠር አቤቱታ አስገቡ። ፍርድ ቤቶቹ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ውድቅ አደረጉ። እነሱ መጻፋቸውን አልተዉም። ማን ተወሰደ? መቼ? ከየት? ማን አየ? ሁሉም በፋይል ተቀመጠ። አገዛዙ በ1990 ሲያበቃ፣ እውነቱን እንዲያጣራ የተሰየመው ኮሚሽን የተጠቀመው በእነዚያ ፋይሎች ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ሰሚ ላጣ እናት ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ያው ቢሮ ሥራ ላጡ ቤተሰቦች የሚበላ ነገርም ያቀርብ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ። የተራበውን የምታበላ ቤተ ክርስቲያን ለምን ተራበ ብላ መጠየቋ አይቀርም። እዚህ ላይ ነው "ፖለቲካ ውስጥ ምን አገባችሁ?" የሚባለው። እኔንም ስንቴ ብለውኛል! ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25ን እንዲያነቡ እጋብዛቸዋለሁ። በ50ኛው ዓመት መሬት ወደ ባለቤቱ ይመለስ፣ በድህነት የተሸጠ ሰው ነጻ ይውጣ ይላል። የድሃ አገሮች ዕዳ ይሰረዝ ያለው የኢዮቤልዩ ዘመቻ ስሙን የወሰደው ከዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በእንግሊዟ ከተማ በበርሚንግሃም 70 ሺህ ያህል ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የሀብታም አገሮችን መሪዎች ስብሰባ ከበበ። ብዙዎቹ የመጡት ከየአጥቢያቸው ነበር። በ2005 ደግሞ መሪዎቹ ብዙ ድሃ አገሮች ለዓለም ባንክና ለዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ያለባቸው ዕዳ እንዲሰረዝ ተስማሙ። ሰባት ዓመት ማለት ነው። ለዚህ የሚሆን ትዕግሥት ያስፈልጋችኋል።

ስለ መዝገብ ይህን ያህል የምወተውተው ስለተቃጠልኩ ነው። አንድ ጊዜ ደመወዛቸው ስለተያዘባቸው ሠራተኞች ደብዳቤ አዘጋጀሁ። የሠራተኞቹን ቁጥር ከሰው አፍ ሰምቼ፣ ሳላጣራ ጻፍኩት። ስህተት ነበር። አሠሪው ያቺን አንዲት ቁጥር ይዞ ደብዳቤውን በሙሉ ውሸት ነው አለ። ሠራተኞቹ እውነታቸውን ይዘው ወራት ተንገላቱ። እስከ ዛሬ ያመኛል።

ስለዚህ የሰው በደል ስትሰሙ ቀስ በሉ። ቀኑን ጠይቁ፣ ወረቀት ካለ እዩ፣ ሌላ ምስክር ፈልጉ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ለተበደለው ሰው አንብቡለት። "እዚህ ጋ እንዲህ አይደለም" ካለ አርሙ። "ስሜ ይቅር" ካለ ደግሞ፣ ዘመቻው የቱንም ያህል ቢፈልገው፣ ስሙን ከጽሑፉ ሰርዙት። እናንተ ማታ ወደ ቤታችሁ ትሄዳላችሁ፤ እሱ ነገም እዚያው አሠሪ ዘንድ ነው የሚገባው።