ለወጣቶች፦ ሐይቅ እየቆጠርን የጠፋንበት እሑድ

ልጆቼ፣

ሰሞኑን የእህቴ ልጆች ባሌ ለመሄድ ሲሰናዱ አየሁ። ስንቃቸው አዲስ ጫማ፣ የስልክ መቆሚያ ዘንግ እና አንዳንድ የታሸገ ውኃ ነው። ልስቅ ብዬ የራሴ ጉድ ትዝ አለኝና ሳቁ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ይህን የምጽፈው ለእነሱም ለእናንተም ነው።

ሠላሳ ዓመት በቅየሳ ሥራ ኖሬያለሁ። መሬት የሚያሳስተው ሌላውን ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ወሩ የካቲት ነው፤ ጎባ የነበረን ሥራ አለቀና አንድ እሑድ ተረፈን። ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ባሌ ተራሮች ላይ ወዳለው ሳነቴ አምባ ወጥተን ጋርባ ጉራቻን እንይ ተባባልን። ስሙ በኦሮምኛ ጥቁር ባሕር ማለት ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 3,950 ሜትር ላይ፣ የጥንት የበረዶ ግግር ቦርቡሮ በተወው ጎድጓዳ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው። ጥቅምት ላይ አይቶት የመጣ ወዳጃችን አቅጣጫውን በቃል ነግሮናል፦ «ከአስፋልቱ ስትወጡ ሐይቆቹን ቁጠሩ፤ አራተኛው ጋ ስትደርሱ ወደ ግራ ታጠፉ።» አስፋልት ያለው ጠጠር መንገዱን ነው፤ ያኔውኑ መጠርጠር ነበረብን።

ሾፌሩ 3 ሰዓት ላይ አወረደን። ፀሐይዋ ፍንትው ብላለች፣ ሜዳው ለጥ ያለ ነው። ካፖርቴን መኪናው ውስጥ ተውኩት። ካርታና ኮምፓሴማ ሆቴል ቀርተዋል፤ እሑድ ነዋ፣ የሥራ ዕቃ ማን ይሸከማል! ለሁለት ሰው አንድ ሊትር ውኃ፣ አንድ ፌስታል ዳቦ ቆሎና ካሜራ ይዘን ገባን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው እኛን ነበር።

የሳነቴ ትንንሽ ሐይቆች አብዛኞቹ ጥልቀት የላቸውም። በክረምት ይሞላሉ፣ በበጋ ይሸሻሉ፤ አንዳንዱ ጭራሽ የተሰነጣጠቀ ጭቃ ይሆናል። ወዳጃችን የቆጠረው የጥቅምትን ሐይቅ ነው፣ እኛ የምንቆጥረው የየካቲትን። ሁለቱን ደርቀው ሳናውቃቸው ረግጠናቸው አልፈናል። የእኛ አራተኛ የእሱ ስድስተኛ ነበር። በልበ ሙሉነት ወደ ግራ ታጠፍን።

መሬቱም ከሩቅ እንደሚታየው አይደለም። ፍልፈል ውስጥ ውስጡን ቦርቡሮታል። ቀይ ቀበሮ በዚያ አምባ የሚኖረው በዋናነት እሱን እያደነ ነው፤ አንዷን ጉድጓድ ላይ አድፍጣ አየናት፣ ዞር ብላም አላየችን። ትንሽ እንደሄድን ከባልደረባዬ እግር ሥር መሬቱ ተደረመሰና እስከ ጉልበቱ ገባ። ሲያወጣው ቁርጭምጭሚቱ አብጧል።

ከዚያ ራሴን ይወጋኝ ጀመር። የአዲስ አበባ ልጅ ሁሉ ደገኛ ነኝ ብሎ ይኮራል፤ ሳነቴ ግን ከአዲስ አበባ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። እዚያ ሳንባ የሚያገኘው ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ ከሚያገኘው ከሁለት ሦስተኛ ያነሰ ነው። ሰዓቴን አየሁ፦ 8 ሰዓት ከ40። እስኪመሽ ስንት ቀረን? ከ12 ላይ 8 ሰዓት ከ40 መቀነስ ነው። ዕድሜ ልኬን በቁጥር እንጀራ የበላሁ ሰው ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስት የተለያየ መልስ አገኘሁ።

ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ይህችን ነው። የምትመለሱበትን ሰዓት ጠዋት ቁርስ ላይ ወስኑና መዳፋችሁ ላይ ጻፉት። 3 ሰዓት ከተነሣችሁ 7 ተኩል ላይ፣ ሐይቁ ፊት ለፊታችሁ ቢታይ እንኳ፣ ዙሩ። ተራራው ላይ ሆኖ የሚወስነው ጭንቅላት ጠዋት ሻይ ሲጠጣ የነበረው አይደለም። ከአምባው ዝቅ ብላ ባለችው ዲንሾ ከተማ አንድ ሁለት ሌሊት አድራችሁ ከፍታውን ተለማመዱ፣ የአካባቢውን መንገድ መሪ ያዙ። ስልክ አለን ትላላችሁ፤ ብርድ ባትሪውን ሲበላው ታዩታላችሁ።

እኛ ግን አልዞርንም። 9 ሰዓት ግድም ከሐረና ደን በኩል ጉም ወጣ። መጀመሪያ ጅብራ የሚባሉት ረጃጅም የደጋ ተክሎች ጠፉ፣ ቀጥሎ ባልደረባዬ፣ ከዚያ የገዛ ጫማዬ። በሸሚዝ ቁጭ ብዬ ጥርሴ ሲንገጫገጭ ይሰማኝ ነበር።

ያገኘን ብርድ ልብስ የተከናነበ፣ ፈረስ ላይ የተቀመጠ የአሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው እረኛ ነው። ባልደረባዬ ኦሮምኛ ይችላል፤ ጋርባ ጉራቻ በየት ነው ብሎ ጠየቀው። ልጁ በመጣንበት በኩል በጅራፉ አመለከተ። ከዚያ ሳይጠየቅ ወረደና ባልደረባዬን ፈረሱ ላይ አወጣው።

መንገዱ ጋ ስንደርስ ጨልሟል። ሾፌሩ መብራት እንዳበራ ተኝቷል፤ ካፖርቴን አጣጥፎ ትራስ አድርጎታል።