ራምጄቱ እሳቱን በፊት በኩል ለምን ይተፋል?

አንድ የአዳማ ወጣት በላሜራ የሠራትን ራምጄት የምትባል የጄት ሞተር ቪዲዮ ልኮልኛል። ከፊት ሾጣጣ፣ መሃል ላይ የጋዝ ቀለበትና ካንዴላ፣ ከኋላ ኖዝል (የጭስ መውጫ አፍ) ያላት ቱቦ ናት። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ በብሎወር እየነፋሁ ስለኩሳት ትቀጣጠላለች። ግን ነበልባሉ ቢጫ ነው፤ በፊት በኩል ይወጣል፤ ምንም አትገፋም። ከድምፅ ፍጥነት በላይ ለመብረር ራምጄት ከተርቦጄት ይሻላል ሲሉ ሰምቼ ነው የጀመርኩት። ምኗ ነው የተበላሸው?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሲሊንደሩን ዝጋ። ቪዲዮው ላይ ሬጉሌተር፣ ማለትም የጋዙን ግፊት የሚቀንሰው መቆጣጠሪያ፣ የለም። «ጋዙ አንሷል» ብሎ የፈታልህ ሰው ሙሉ የሲሊንደሩን ግፊት በሽቦ በታሰረች የሻወር ቱቦ ላይ ነው የለቀቀብህ። ሬጉሌተሩ ሳይመለስና ደህና የጋዝ ጎማ በክላምፕ ሳይታሰር እንዳትለኩሳት።

ወደ ሞተሩ እንምጣ። ቢጫ እሳት በፊት በኩል ሲወጣ ሳይ የምጠረጥረው አየሩን ነው። ጋዙ በዝቷል፣ አየሩ አንሷል፣ ያለውም አልታመቀም። ፊት ለፊት የሚገታው ግፊት ስለሌለ እሳቱ በቀለለው በኩል ይወጣል። ራምጄት እንደ ተርቦጄት እየተሽከረከረ አየር የሚያምቅ ኮምፕረሰር የለውም፤ አየሩን የሚያምቅለት የራሱ ፍጥነት ነው። የአንተዋ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ቆማለች።

በዓይንህ እየው። ግንበኞች ውሃ ልክ የሚያዩበትን ግልጽ ቱቦ መሃሉን ወደ ታች አጥፈህ ጣውላ ላይ እሰረው። ግማሽ ድረስ ውሃ ሙላው። አንዱን ጫፍ ወደ ብሎወሩ አፍ አዙር፤ ሌላውን ከነፋሱ አርቅ። ነፋሱ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ቢሆን እንኳ፣ አዳማ ላይ በሁለቱ ወገን ያለው የውሃ ልዩነት 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከከባቢው አየር ግፊት ግማሽ በመቶ አይሞላም። መኪና ላይ አስሬ ልሞክር እንዳትል፤ በዚሁ ፍጥነት የምታገኘው ያንኑ 4 ሳንቲ ሜትር ነው።

አሁን ማክ 2ን፣ ማለትም የድምፅን ፍጥነት ሁለት እጥፍ፣ አስብ። አየሩ ምንም ሳይባክን ቢታመቅ ግፊቱ 7.8 እጥፍ ይሆናል። ቱቦህ ቢችለው ኖሮ የውሃው ልዩነት ከ55 ሜትር በላይ ይሆን ነበር። ማክ 3 ላይ ወደ 37 እጥፍ ይደርሳል። እዚያ ላይ ኮምፕረሰር ምን ያደርጋል?

ጣጣው «ሳይባክን» የሚለው ላይ ነው። ከድምፅ በላይ የሚመጣ አየር ፊቱ ያለውን ነገር ቀድሞ አያውቅም፤ የሚገታው በድንገት፣ በሾክ ዌቭ (ግፊቱ በቅጽበት በሚዘልበት ስስ የአየር ግድግዳ) ነው። በአንድ ቀጥ ያለ ሾክ ብቻ ከገታኸው ማክ 2 ላይ ከዚያ ግፊት 28 በመቶው ይጠፋል፤ ማክ 3 ላይ ሁለት ሦስተኛው። ስለዚህ በተከታታይ ሰያፍ ሾኮች ቀስ እያለ መገታት አለበት። የአሜሪካው የስለላ አውሮፕላን ኤስአር-71 ሾጣጣ ፍጥነት ሲጨምር 66 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይንሸራተት የነበረው ለዚህ ነው። ከድምፅ በላይ ይበር የነበረው የመንገደኞች አውሮፕላን ኮንኮርድም በአየር ማስገቢያው ውስጥ ተንቀሳቃሽ ሳህኖች ነበሩት፤ የማክ 2ን አየር ፍጥነት ወደ ማክ 0.5 ገደማ ቀንሰው ለኮምፕረሰሩ ያቀብሉ ነበር። ያንተ ሾጣጣ ተበይዶ የቀረ ነው። በላዩ ላይ ደግሞ በያጁ ወንፊት ጨምሮ ያለችውንም ትንሽ አየር ዘግቶብሃል። በግራይንደር ቁረጠው።

ሌሎቹን የሞተር ዓይነቶች ባጭሩ። እንደ ኪው400 አውሮፕላን ያለ ፕሮፔለር ጫፉ ከአውሮፕላኑ ቀድሞ የድምፅን ፍጥነት ስለሚደርስ ከድምፅ በላይ አይሆንም። የቦይንግ 787 ትልቅ ፋን ብዙ አየር በዝግታ እየገፋ ነዳጅ ይቆጥባል። ማክ 2 ላይ ግን አውሮፕላኑ በሰከንድ 590 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ሞተሩ የሚተፋው አየር ከዚያ ካልፈጠነ ወደ ፊት የሚገፋ ኃይል የለም። ተርቦጄት ጠባብ ነው፣ ጭሱም ፈጣን ነው፤ ኮንኮርድ ኦሊምፐስ 593 በተባለ ተርቦጄት ይበር ነበር፤ አፍተርበርነሩን (ጭሱ ላይ ተጨማሪ ነዳጅ የሚያቃጥለውን ክፍል) ለመነሳትና እስከ ማክ 1.7 ለመፍጠን ብቻ ይጠቀም ነበር። የኛ አየር ኃይል ሱ-27 መሃል ላይ ነው፤ ጥቂት አየር በጎን የሚያሳልፍ ተርቦፋን ከአፍተርበርነር ጋር። ማክ 3ን ሲያልፉ ራምጄት ያሸንፋል፣ የሰማኸው ልክ ነው። ግን እዚያ የሚያደርሰው ይፈልጋል። ሁለት ራምጄት የነበረው የእንግሊዝ ብለድሃውንድ ሚሳይል ይነሳ የነበረው በአራት ሮኬቶች ተገፍቶ ነው።

ጠረጴዛ ላይ የሚገፋ ሞተር ከፈለግህ ያገለገለ የአይሱዙ ተርቦ ፈልግና ተርቦጄት ሥራ፤ አየሩን ራሱ ያምቃል። ፎርጅዱን ተርቦ ተወው፤ ቡሹ ቶሎ ይበላል። ዚንክ የተለበጠውንም ላሜራ ጣለው፣ ሲግል ጭሱ መርዝ ነው፤ ስቴንለስ ተጠቀም። የዘይት ግፊት ሳይኖር አታሽከርክረው። ሲዞር በጎኑ አትቁም፤ ውስጡ የሚሽከረከረው ጎማ ከተሰበረ የሚበረው ወደዚያ ነው። ጋዙ እዚህም ያለ ሬጉሌተር አይከፈትም፤ ሲሊንደሩም ውጭ፣ ከእሳቱ ርቆ ይቁም።

ተርቦውን ስታገኝ የኮምፕረሰሩን መግቢያ ዲያሜትር በካሊፐር ለክተህ ላክልኝ። የማቃጠያውን ቀዳዳዎች ስፋት የምናወጣው ከእሱ ተነስተን ነው፤ እስከዚያ ምንም እንዳትበሳ።