ሲጋራ ማቆም ለምታስቡ ወጣት ወታደሮች

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ጎንደር ውስጥ በነርስነት ነው። ከአዘዞ በኩል የሚመጡ ወጣት ወታደሮችን አክሜያለሁ። ወንዱንም ሴቷንም ስለ ሲጋራ ሳልጠይቅ አልሸኝም ነበር።

ወንዱ አይደብቅም። "ማቆምማ አቆማለሁ፣ ግን አሁን አይደለም" ይላል። የሚያጨሰው ከጓዶቹ ጋር ነው። ጥበቃ ላይ እንቅልፍ ያባርርልኛል፣ ያረጋጋኛል ይላል። ስለዚህ ቀኑን ይገፋዋል፤ ሳገባ፣ ከሠራዊቱ ስወጣ እያለ።

ሴቷ ግን መጀመሪያ "ኧረ እኔ አላጨስም" ትላለች። የምታጨስ ሴት እኛ ዘንድ ምን እንደምትባል መቼም ታውቃላችሁ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2016 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ትንባሆ የሚጠቀሙት ከአዋቂ ወንዶች 8.1 በመቶ፣ ከአዋቂ ሴቶች ደግሞ 1.8 በመቶ ነበሩ። ጥቂት ናቸው ተብሎ ማንም አይጠይቃቸውም። ተደብቃ ታጨሳለች፣ ለማቆም ስትሞክርም ተደብቃ ነው። አይዞሽ የሚላት የለም። ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

እኔ እንዳየሁት የማቆም ፍላጎቱ ሁለቱም ጋ አለ። እንቅፋታቸው ነው የሚለያየው።

አንተ ልጄ፣ ሲጋራው ያረጋጋህ የሚመስልህ ራሱ ኒኮቲን ያመጣውን ጥማት ለጊዜው ስለሚያስታግስልህ ነው። ካቆምክ የሚብሰው የመጀመሪያው ሦስት ቀን ነው። ትነጫነጫለህ፣ እንቅልፍም ሊያስቸግርህ ይችላል። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይበርዳል። ጎንደር ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ እንደሆነ ስስ ነው። የሲጋራው ካርቦን ሞኖክሳይድ በደምህ ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ሲይዝብህ ዳገቱ ላይ ለምን ወደ ኋላ እንደምትቀር ገባህ? ካቆምክ ይህ ጋዝ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ከደምህ ይወጣል። ለጓዶችህ ንገራቸውና "አንድ ብቻ ሳብ አድርግ" እንዳይሉህ አደራ በላቸው።

አንቺ ልጄ፣ ሞክረሽ ካልሆነልሽ ወኔ ስላነሰሽ አይምሰልሽ። የሴት ሰውነት ኒኮቲንን ከወንድ ቶሎ ያስወግዳል፤ የወሊድ መከላከያ እንክብል የምትወስድ ከሆነ ደግሞ ይፈጥናል። ስለዚህ አምሮቱ ቶሎ ቶሎ ሊመጣብሽ ይችላል። ኤስትሮጅን ያለው እንክብል ከሲጋራ ጋር ሲሆን የደም መርጋት አደጋውም ይጨምራልና ለሐኪም ሳትደብቂ ንገሪ። እወፍራለሁ ብለሽ የምትፈሪም አለሽ። እውነት ነው፣ ብዙ ሰው ባቆመ በዓመቱ አራት አምስት ኪሎ ይጨምራል። ግን የእናንተ ሥራ ሩጫ ያለበት ነው፣ ይህን ያህል አያስፈራም። ከሁሉ በፊት ግን የምታምኛት አንዲት ሴት ጓድሽ ትወቅ።

ወንዶች፣ የምታጨስ እህታችሁን ስታዩ አታሽሟጥጡ። አለቆችም ብትሆኑ ስለ ሲጋራ ስታስተምሩ ሴቶቹን አትዝለሏቸው።

ሕጉም ከእናንተ ጋር ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው ትንባሆ እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ብዙዎቻችሁ እዚያ አልደረሳችሁም።

ጤና ጣቢያ ስትሄዱ በቀን ስንት እንደምታጨሱ ብቻ አትንገሩ። ጠዋት ከተነሳችሁ በስንት ደቂቃ የመጀመሪያውን እንደምትለኩሱም ንገሩ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከሆነ ሱሱ ጠንክሯል ማለት ነውና የሚያስፈልጋችሁ እርዳታም በዚያው ልክ ነው።