ላይኩ ሞልቷል፣ ሼር የሚያረግ ግን የለም

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከሀዋሳ የመጡት ጥያቄዎች በዝተዋል፣ ሶስቱ ደሞ የተመካከሩ ይመስል ዞሮ ዞሮ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ የለጠፍነውን ሰው አይቶ ያልፋል እንጂ ለሌላ አይልከውም፣ ወይ ደሞ መላክ የሌለበት ነገር ይላካል፣ ምን እናርግ ነው። አንድ ላይ አምጥቻቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አሞራ ገደል አካባቢ ከባለቤቴ ጋር የምንሰራባት ትንሽ አሳ ቤት አለችን። የፌስቡክ ገጽ ከከፈትን ሁለት አመት ሊሞላን ነው፣ 3,200 ተከታይ አለን። በየቀኑ ፎቶ እለጥፋለሁ፣ ጥብሱን፣ ጉላሹን፣ ዱለቱን፣ ሾርባውን፣ ከስር «ምርጥ አሳ አለን፣ ይምጡ ይጎብኙን፣ ሼር ያድርጉልን» ብዬ እጽፋለሁ። ላይክ መቶም መቶ ሀምሳም ይገባል፣ ሼር ግን አንድ ወይ ሁለት ነው፣ እሱም ወንድሜና የአክስቴ ልጅ ናቸው። ምን ጎደለኝ? ብር ከፍዬ ቡስት ላስደርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ቡስቱን ትንሽ አቆዪውና መጀመሪያ ስልክሽን ክፈቺ፣ በዚህ ሳምንት አንቺ ራስሽ ለሰው የላክሻቸውን ነገሮች ወደ ላይ እየሳብሽ እያቸው። ለእህትሽ የላክሻት ስለ ልጅ ሳል የሚያወራ ቪዲዮ ይኖራል፣ ለጎረቤትሽ የላክሽው የስራ ማስታወቂያ ይኖራል፣ ለጓደኛሽ የላክሽው የሹሩባ ፎቶ ይኖራል። አንዱንም የላክሽው ባለቤቱ ሼር አርጉልኝ ስላለሽ አይደለም። ስታዪው አንድ ሰው ትዝ ብሎሽ «ይሄማ ለእከሊት ነው» ብለሽ ነው የላክሽው። ነገሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። ላይክ መንገድ ላይ አይተውሽ እጃቸውን አንስተው ሰላም እንደማለት ነው፣ ደስ ይላል ግን እዛው ያልቃል። ሼር የሚያረግ ሰው ግን በራሱ ስም ለራሱ ሰው ነገር እያደረሰ ነው፣ የሚያስበውም ስለዛኛው ሰው ነው፣ ስላንቺ አይደለም፣ ይሄ ደሞ ክፋት የለበትም እኛም እንደዛው ነን።

«ምርጥ አሳ አለን» የሚለውን ማን ለማን ይልከዋል? እስቲ አስቢው። ሁሉም አሳ ቤት ምርጥ ነኝ ይላል፣ የሚቀበለውም ሰው ምን ያርገው? ስለዚህ ከመለጠፍሽ በፊት ይሄን አንድ ጥያቄ ብቻ ለራስሽ ጠይቂ፣ ማን ለማን ይልከዋል፣ መልስ ካጣሽለት ሌላ ነገር ለጥፊ።

ምሳሌ ልስጥሽ። አንቺ በየቀኑ አሳ ስለምትገዢ አይንሽ ለምዶት እንደ ቁም ነገር አትቆጥሪው ይሆናል እንጂ ብዙ ቤት ውስጥ ትኩስ አሳና የዋለ አሳ መለየት ችግር ነው። ባልሽ አንዱን አሳ ይያዝ አንቺ በስልክሽ ቅረጪ፤ አይኑ ጥርት ብሎ ወደ ውጭ ወጣ ያለ ነው ወይስ ደፍርሶ ሰርጉዷል፣ የጆሮ ግንዱ ጋ ያለውን ክዳን ገለጥ አርገሽ ውስጡ ቀይ ነው ወይስ ወደ ቡኒ ሄዷል፣ በጣት ጫን ሲሉት ስጋው ተመልሶ ይነሳል ወይስ ተጎድጉዶ ይቀራል፣ ሽታውስ የሀይቅ ውሀ ይሸታል ወይስ አፍንጫ ይወጋል። ከዛ ቆሮሶውንና አምባዛውን ጎን ለጎን አስቀምጪና አሳዪ፣ አምባዛ ጢም አለው ቅርፊት የለውም፣ ቆሮሶ ቅርፊት አለው፣ ለጥብስ የቱ ለሾርባ የቱ እንደሚሻል ባንቺ ልምድ ተናገሪ። አርባ ሰከንድ ይበቃል፣ ዳታ ውድ ነው፣ ረጅም ቪዲዮ ሰው ሳይጨርሰው ይዘጋዋል። ይሄን ቪዲዮ እናት ለልጇ፣ ሙሽራ ለሙሽራ ትልከዋለች፣ እነሱ አሳ ስለመግዛት እያወሩ ያንቺ ስም አብሮ ይሄዳል።

ሁለተኛው ሰውሽ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ነው። 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቶ ቅዳሜና እሁድን ሀይቅ ዳር ለማሳለፍ የሚመጣ ሰው ከመነሳቱ በፊት ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ከጓደኞቹ ጋር የት እንብላ እያለ ይከራከራል። እዛ ግሩፕ ውስጥ የሚገባ ነገር ስጪው፤ ጀልባዎቹ ጠዋት በስንት ሰአት አሳ ይዘው እንደሚደርሱ፣ ልጆች አባ ኮዳውን ከየት ሆነው ቢያዩት እንደሚሻል፣ መኪና የት እንደሚቆም፣ አራት ሰው ጠግቦ ለመብላት ስንት ብር እንደሚበቃው።

ዋጋ ላይ ቆም ልበል። ገጽሽን አየሁት፣ አንቺም እንደብዙዎቹ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ነው የምትዪው። ይሄ ነገር በጣም ነው የሚያሳዝነኝ ምክንያቱም ጥሩ ጥሩ ስራ ያላቸው ሰዎች በዚህ አንድ ቃል በራቸውን እየዘጉ ነው። ዋጋ የሌለውን ማስታወቂያ ለጓደኛዬ ብልክለት መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስንት ነው ብሎ ነው፣ እኔም አላውቅም፣ ስለዚህ አልልክለትም። ዋጋ ከተቀየረ ይቀየራል፣ ቀኑን ጽፈሽበት ሲቀየር እንደገና ለጥፊ።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስተውለው፣ እኛ ሀገር ሰው ሼር የሚለውን ከመጫን ይልቅ ስክሪንሹት ያነሳና በቴሌግራም ይልካል። ያ ሲሆን ከስር የጻፍሽው ይቆረጣል፣ ፎቶው ብቻ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ስልክ ቁጥሩ፣ የቤቱ ስምና ዋጋው ፎቶው ላይ ይጻፍ፣ ባጃጅ ተሳፍሮ ለሚመጣ ሰው የት ውረድ እንደሚባልም ይጻፍ፣ በትልቁ፣ ትንሽ ስልክ ላይ እንዲነበብ። ፌስቡክ ደሞ ስክሪንሹቱን አይቆጥርልሽም፣ አንድ ሼር ብሎ የሚያሳይሽ ፎቶ በሌላ በኩል ሀምሳ ቦታ ደርሶ ሊሆን ይችላል። ማወቂያው ቀላል ነው፣ አዲስ ሰው ሲመጣ «የት አይተውን ነው?» ብለሽ ጠይቂና ደብተር ላይ ጻፊው፣ ከወር በኋላ የቱ ፎቶ ሰው እንዳመጣ ይታይሻል።

ቡስት ያልሽው፣ ገንዘቡ ፎቶሽን ብዙ ሰው ፊት ያደርስልሻል እንጂ ሰው እንዲልከው አያረግም። በነጻ ሰው እየተቀባበለ ያስኬደው ነገር ስታገኚ ያኔ እሱን ቡስት አርጊው።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር በየሁለት ሳምንቱ ፍቅር ሀይቅ ዳር ፕላስቲክ እንለቅማለን። ፎቶ ስለጥፍ ማንም ሼር አያረገውም። አንድ የማውቀው ልጅ ግን 6,000 ተከታይ አለው፣ «ሰበር ዜና» እያለ ያላጣራውን ነገር ሁሉ ይለጥፋል፣ በአንድ ቀን 400 ሼር ያገኛል። «ሼር ላረገ ካርድ እሸልማለሁ» ይላል ደሞ። እኔም እንደሱ ላርግ እንዴ?

መልስ፦ አታርግ ወንድሜ። የጓደኛህ ነገር ለምን እንደሚሰራ ግን ልንገርህ፣ ማወቁ ጥሩ ነው። በፈረንጆቹ 2012 ዮናህ በርገርና ካትሪን ሚልክማን የሚባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ኒውዮርክ ታይምስ ላይ የወጡ ወደ 7,000 የሚጠጉ ጽሁፎችን ይዘው አንባቢ በኢሜል ለሌላ ሰው የሚልከው የትኛውን ነው ብለው አጥንተው ነበር። የሚያናድድና የሚያሰጋ ነገር ቶሎ ይላካል፣ የሚያሳዝን ብቻ የሆነው ያን ያህል አይላክም። ጓደኛህ የሚነግደው በዚህ ንዴትና ስጋት ነው። እኛ ሀገር ደሞ የዚህ መዘዝ የት ድረስ እንደሚሄድ አንተም እኔም እናውቃለን፣ ባልተጣራ ወሬ የሰው ህይወት ይጠፋል። ህጉም አለ፣ በእኛ አቆጣጠር 2012 የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሀሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሀሰተኛ መረጃ ሲሰራጭ ቅጣቱን ያከብደዋል፣ ስለዚህ 6,000 ተከታዩ ለሱ ሀላፊነት ነው፣ እንደ ወንድም ንገረው። የካርዱንም ነገር ተወው፣ ፌስቡክ ሼር አርጉ፣ ታግ አርጉ እያሉ የሚለምኑ ፖስቶችን ወደ ታች እንደሚያወርድ በፈረንጆቹ 2017 መጨረሻ ላይ አሳውቋል፣ ለካርድ ብሎ የመጣ ሰውም ሀይቅ ዳር ከረጢት ይዞ አይመጣልህም።

ያ ጥናት ግን ሌላም ነገር አግኝቷል፣ የሚያስደንቅና ለሰው የሚጠቅም ነገርም በብዛት ይላካል። አንተ ጋ ያ አለ፣ አላሳየኸውም እንጂ። የምትለጥፈው አስራ ሁለታችሁ ቲሸርት ለብሳችሁ የቆማችሁበትን ፎቶ ነው፣ ያንን የሚልከው የናንተ ቤተሰብ ብቻ ነው። በሚቀጥለው አንድ ቦታ ምረጥ፣ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ድንጋይ ላይ ቆመህ አንሳው፣ ስትጨርሱ እዛው ድንጋይ ላይ ቆመህ አንሳው፣ ሁለቱን አጋጥመህ ለጥፍ፣ ስንት ከረጢት እንደሞላ ጻፍ፣ ቀጣዩ ቅዳሜ በስንት ሰአት የት እንደምትገናኙም ጻፍ። እሱን አንዱ ለአንዱ «እንሂድ» ብሎ ይልከዋል። አንድ ነገር ደሞ አሁኑኑ እይ፣ የምትለጥፈው በግል አካውንትህ ስለሆነ ከስምህ ስር የሁለት ሰው ምስል ካለ ፖስቱ ለጓደኞችህ ብቻ ነው የሚታየው፣ ሰው ሼር ቢያረገው እንኳን ያንተ ጓደኛ ያልሆነ አያየውም። ወደ አለም ምልክቱ ቀይረው። ስንት ልጅ በዚህች ብቻ ተሸፍኖ እንደቀረ።

ጥያቄ፦ ለአዘጋጁ። እናቴ የመርሳት ችግር አለባቸው፣ ባለፈው አመት ከቤት ወጥተው ጠፉብን። ፎቶአቸውን ከስልክ ቁጥሬ ጋር ለጠፍን፣ እግዚአብሄር ይስጠው ሰው ተቀባብሎት በሁለተኛው ቀን ሻሸመኔ መንገድ ላይ ተገኙ። ችግሩ ስምንት ወር አልፎት አሁንም ይደወላል፣ «እኚህን እናት አገኛችኋቸው?» ይሉኛል። በመሀል ብር ላኩልን ያሉን አጭበርባሪዎችም ነበሩ። ይህን እንዴት ማድረግ ነበረብን?

መልስ፦ እንኳን ለቤታቸው አበቃቸው ወንድሜ። ይህን ጥያቄ በመላክዎ ከልቤ አመሰግናለሁ ምክንያቱም ሼር መብዛቱን ብቻ ነው የምናወራው፣ የተለቀቀው ነገር እንዴት ይቆማል የሚለውን ግን የሚያነሳ የለም።

የላኩልኝን ፎቶ አየሁት። «ትናንት ጠዋት ከቤት እንደወጡ አልተመለሱም» ነው የሚለው። ትናንት የሚለው ቃል ነው ስምንት ወር ሙሉ ያስደወለብዎት፣ ዛሬ ለሚያየው ሰውም ትናንት ነውና። እንዲህ አይነት ነገር ላይ ቀን፣ ወርና አመተ ምህረት ፎቶው ላይ ራሱ መጻፍ አለበት፣ ከየትኛው ሰፈር እንደወጡና ምን እንደለበሱም እንደዛው። ሀዋሳ ላይ ከሆነ በአማርኛ ብቻ አይበቃም፣ በሲዳምኛም ይጻፍ፣ ሻሸመኔ ቅርብ ስለሆነች በኦሮምኛም ቢጨመር ጥሩ ነው፣ መንገድ ላይ የሚያገኛቸው ሰው በየትኛው እንደሚያነብ አይታወቅም። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ፖሊስ ጋ ማስመዝገብ ነው።

አጭበርባሪዎቹን በተመለከተ አንድ ምልክት ደብቃችሁ ያዙ፣ ለምሳሌ የአንገት ማተባቸውን ቀለም ወይም እጃቸው ላይ ያለ ጠባሳ፣ ፖስቱ ላይ አትጻፉት። አገኘኋቸው ብሎ የደወለውን ሰው እሱን ጠይቁት፣ በእውነት አጠገቡ ካሉ አይቶ ይነግራችኋል። ብር ላክ ካለ ሳያሳያችሁ አትላኩ።

አሰረጫጨቱም ልዩነት አለው። ፌስቡክ ላይ ሼር የሚለውን ተጭኖ ያስተላለፈ ሰው የሚያሳየው የእርስዎን ፖስት ነው፣ እርስዎ ገብተው መጀመሪያው መስመር ላይ «ተገኝተዋል፣ እናመሰግናለን» ብለው ሲያስተካክሉት እሱም ጋ አብሮ ይስተካከላል። ጽሁፉን ኮፒ አርጎ ፎቶውን አውርዶ እንደ አዲስ የለጠፈው ግን ከእጅዎ ወጥቷል። ቴሌግራምም እንደዛ ነው፣ ፎርዋርድ የተደረገው የመጀመሪያው ቢስተካከልም ባለበት ይቀራል። ስለዚህ «እባካችሁ ኮፒ አታርጉት፣ ይህንኑ ሼር አርጉት፣ ሲገኙ እዚሁ እናሳውቃለን» ብሎ መጻፍ፣ ቴሌግራም ላይም ከፎቶው ጋር የፌስቡኩን ሊንክ መላክ። ፖስቱን ማጥፋት አይመከርም፣ ካጠፉት ሼር ያረገው ሰው መገኘታቸውን ሳያውቅ ይቀራል።

አሁን ላለው ደግሞ፣ ያንኑ ፎቶ ይውሰዱና ላዩ ላይ በትልቁ «ተገኝተዋል» ብለው ከቀኑ ጋር ይጻፉበት፣ ስልክዎ ላይ ዝግጁ ይሁን። የሚደውሉልዎት ሰዎች የማያውቋቸውን እናት ፈልገው ነው የሚደውሉት፣ አይሰልቹባቸው። ደና ናቸው ቤት ናቸው ይበሏቸው፣ የትኛው ግሩፕ ላይ እንዳዩት ይጠይቋቸው፣ ከዛ አዲሱን ፎቶ ይላኩላቸውና እዛው ግሩፕ ላይ እንዲለጥፉልዎት ይጠይቋቸው።